ኮቱ ሳይቆረጥ

ጳጉሜ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ከባለቤቴ እህት ከሜሮንና ከልጄ ከምትኬ ጋር ወደ ልብስ ሰፊው ወደ ካሊድ በረንዳ ሄድን። ምትኬ በመስከረም አንደኛ ክፍል ስለምትገባ ዩኒፎርም ልናስለካላት ነበር። ካሊድ የሚሠራው ቆቦ ከተማ መሐል፣ ባጃጆች ተሰልፈው ከሚቆሙበት ጎን፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር የከሰል ካውያውን አውጥቶ እፍ እፍ ይላል። ልጄ ሰው ሲበዛ ስለምትጨነቅ፣ ካሊድ የልብስ ቁልፎች የሚያስቀምጥበትን ጣሳ ሰጣትና ጥግ ይዛ ተቀመጠች።

ልኬቱ ሳይጀመር አማቴ አቶ ገብረ ማርያም ከሮቢት ሚኒባስ ወርደው፣ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘው ወደዚያው በረንዳ መጡ። እሳቸውም እኛን አልጠበቁም፤ እኛም እሳቸውን አልጠበቅንም።

ካሊድ ቀና ብሎ አየንና፣ «ቤተሰቡ ሁሉ ባንድ ጊዜ ከመጣ ሰርግ አለ ማለት ነው። አያ ገብሬ፣ ማንን ልትድሩ ነው?» አለ።

«የምድረው የለኝም» አሉና ነጠላውን ፈቱ። የሟቹ ባለቤቴ የካሣ ኮት ነበር።

ኮቱን ካየሁት ሰባት ዓመት ሊሆን ነው። ቡናማ ነው፤ የግራ ክርኑ ላይ እኔ የጣፍኩት አለ። በለቅሶው ዕለት እንደ አገሩ ልማድ በሰው ፊት ተይዞ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ በአማቴ ሣጥን ተቆልፎበት ኖረ። ስለ ካሣ አሟሟት እዚህ አልጽፍም። የሚያውቁ ያውቁታል።

«በልጅቱ ልክ ቁረጥልኝ» አሉት አማቴ ለካሊድ። «እጅጌውን አሳጥረው። ትከሻውን አጥብበው። መልኩ ግን እንዳይጠፋ።»

ካሊድ ኮቱን ተቀብሎ ገለበጠው፤ መቀሱን ግን አላነሳም። እኔን አየኝ። እኔ ልጄን አየሁ። ልጄ ቁልፎቿን ታያለች።

የጠየቀቻቸው ሜሮን ናት። ሜሮን የአማቴ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ሳይኮሎጂ ተምራ በዚያው ክረምት ተመርቃ መጥታለች። «አባዬ፣ ኮቱ ለምን አስፈለጋት?» አለች በለሆሳስ።

«በጥቅምት የወንድምሽ ሰባት ዓመት ነው። ዘመድ ከዋጃም ከአላማጣም ይመጣል። ምትኬ ይህን ለብሳ አጠገቤ እንድትቆም እፈልጋለሁ። ካሣ እንዳልሞተ ይዩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ መጪውን ዓመት ሮቢት ከእኔ ጋር ትክረም። ትምህርቱ የትም አይሄድም።»

«ሮቢት ምን ልታደርግ?»

«እስክትከፈት ነዋ። ልጅቱ ተዘግታለች። ሰው ሲመጣ በር ኋላ ትገባለች። ስትጠየቅ መሬት ታያለች። አባቷ በዚህ ዕድሜው የሰርግ ቤት ሙሉ ሰው ያስቅ ነበር።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሳት አመድ ይወልዳል ብሎ አንዱ የሮቢት ሰው በፊቴ ተርቷል። እኔ ሰምቼ ዝም አልኩ። ሁለተኛ ግን መስማት አልፈልግም።»

እዚህ ላይ ስለ ስሟ ልናገር። በአገራችን ሞት በገባበት ቤት የሚወለድ ልጅ ስሙ አስቀድሞ ይጠብቀዋል፤ ምትኩ፣ ካሣ፣ ማስረሻ ይባላል። ክፋት የለበትም፤ ሐዘን መላ ሲያጣ የሚያወጣው ስም ነው። ልጄ የተወለደችው አባቷ በሞተ በሁለተኛው ወር ነው። አማቴ አቅፈዋት ምትኬ ሲሏት ማንም አልተቃወመም። እኔም አልተቃወምኩም። ነገር ግን ስሙ ከጊዜ ወደ ጊዜ ሥራ ሆነባት። «አባትሽ እንዲህ አይልም ነበር፤ አባትሽ ቢሆን ይዘፍን ነበር» እየተባለች፣ አይታው የማታውቀውን ሰው እንድትሆን ትጠየቃለች።

ሜሮን በርጩማ ስባ ለአባቷ ሰጠቻቸውና እሷ መሬት ላይ ተቀመጠች። «አባዬ፣ ቢፈቅዱልኝ አንድ ነገር ልጠይቅ። የሰው ጠባይ ከየት የሚመጣ ይመስልዎታል?»

«ይህማ የታወቀ ነው። ሰው ከአራት ነገር ተሠራ፤ ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት። አንዱ ያየለበት እንደዚያው ይሆናል። ካሣ እሳት ነበር። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ውሃ ነበረች። አንቺ ነፋስ ነሽ፤ አፍሽ አያርፍም።»

ካሊድ ሳቀ። «እኔስ፣ አያ ገብሬ?»

«አንተ መሬት ነህ። በበዓል ዋዜማ ቃል የገባኸውን ልብስ በበዓሉ ማግሥት ነው የምትሰጥ።»

«ወላሂ እውነት ነው» አለ ካሊድ።

ሜሮንም ከሳቀች በኋላ እንዲህ አለች፤ «እርስዎ ያሉት ቀላል ነገር አይደለም። በጥንት ዘመን የውጭ አገር ሐኪሞችም አራት ዓይነት ፈሳሽ በሰውነት ውስጥ አለ፤ አንዱ ሲበዛ ሰው ቁጡ ወይም ትካዜኛ ይሆናል ይሉ ነበር። ብዙ ዘመን የተማሩበት ሐሳብ ነው። ፈሳሹ እንደዚያ እንዳልሆነ ኋላ ታወቀ። አንዱ ነገር ግን ልክ ነበር፤ ልጅ ባዶ እጁን አይመጣም። ሕፃን ገና በአራስ ቤት ሳለ አንዱ በጥቂት ኮሽታ ይደነግጣል፣ አንዱ ይስቃል።»

«ታዲያ ተስማማን።»

«እስከዚህ ተስማማን። ዛሬ ብዙዎቹ ሊቃውንት ግን ሰውን በአራት ጎጆ ከፍለው አይዘጉበትም። ጨዋታና ሰው መውደድ፣ ሥጋት፣ ሥርዓት ማክበር፣ ርኅራኄ፣ አዲስ ነገር መሻት፤ እነዚህ በሁላችንም ውስጥ አሉ ይላሉ። የሚለየን መጠኑ ነው። አንዱ ጨዋታው ይበዛል፣ አንዱ ጥንቃቄው። ጥንቃቄ የበዛለት ልጅ የተበላሸ ልጅ አይደለም።»

«መጠኑ ከአባቷ ይምጣ ነው የምለው እኔ። ደሟ የማን ነው?»

«የካሣም የጥሩዬም ነው» አለች ወደ እኔ እየጠቆመች። «የእርስዎም አለበት። ልጅ ከሁለት ወገን ይወርሳል፤ ተቀላቅሎ ነው የሚደርሰው። ማን ምን እንደሚደርሰው አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ለዚህ ነው ከአንድ እናት የተወለዱ የማይመሳሰሉት።»

«ይህስ እውነት ነው» አለ ካሊድ፣ ካውያውን እየወዘወዘ። «የኔዋ ራቢዓ መንታ ነው የወለደች። አንዷ ብቻዋን ገበያ ትሞላለች። ሌላዋን ለማናገር ሽማግሌ እንልካለን።»

አማቴ አልሳቁም። «አንተ ኮትህን ቁረጥ» አሉት።

«እኔማ የምለካው ትከሻ ነው፤ ጠባይ አልለካም። ግን እነዚህ ሴቶች ተስማምተው ካልነገሩኝ መቀስ አላነሳም፣ አያ ገብሬ። የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም።»

አማቴ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «መልካም። ደም ብቻ አይደለም አልሽ። ሌላው ምንድን ነው?»

«ሌላው ትምህርት ነው። ልጅ የሚያየውን ይይዛል። ሲመሰገን የዋለበትን ይደግማል፤ የተቀጣበትን ይተዋል። ጠባይ በልምድ ይበጃል የሚሉ ሊቃውንት አሉ።»

«በይ እንግዲህ!» አማቴ ጉልበታቸውን መቱ። «በአፍሽ መጣልኝ። በልምድ የሚበጅ ከሆነ እኔም ላለማምዳት። ኮቱን ትልበስ፣ ሰው ፊት ትቁም፣ ትዘፍን። ሲደጋገም ይለመዳል። ይህን ደግሞ አይቼዋለሁ። የበኩር ልጄን ደሳለኝን ኩፍኝ ሲወስድብኝ አንቺ አልተወለድሽም። በዓመቱ የተወለደውን ካሣ አልኩት። ‹ደሳለኝ እንዲህ ይስቅ ነበር፣ እንዲህ ይዘል ነበር› እያልኩ አሳደግኩት። ወንድሙን ሆኖ ወጣልኝ። አገር የሚወደው፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ የሚያስቅ። ሠርቷል፤ አሁን ስለ ምን አይሠራም?»

ሜሮን ከመሬት አንድ ክር አንሥታ በጣቷ ጠቀለለች። ተማሪ በገዛ መጽሐፉ ሲረታ እንዲህ ነው የሚሆነው። ከዚያ ቀስ ብላ ቀጠለች።

«አባዬ፣ ደግ ነገር ማስለመድና ሌላ ሰው ሁኚ ማለት ይለያያል። ለእንግዳ ሰላም በይ፣ አትዋሺ፣ ያዘነን አጽናኚ ብንላት ማስተማር ነው። ምትኬ ግን እሷን ስትሆን የሚቆጧት፣ አባቷን ስትመስል የሚስሟት ከሆነ፣ አንድ ነገር ትማራለች። ‹የምወደደው እኔን ሳልሆን ስቀር ነው› ትላለች። ይህን ያጠኑ ሰዎች አሉ። ሰው በሆነውና ሁን በተባለው መካከል ገደል ሲሰፋ፣ ያ ሰው ሲስቅ ይኖራል እንጂ አያርፍም ይላሉ። ፍቅር አስቀድሞ ሲሰጠው ግን ልጅ በራሱ ጊዜ ይከፈታል።»

«ይላሉ፣ ይላሉ» አሉ አማቴ። ድምፃቸው አልከረረም፤ ደክሞ ነበር። «እነዚያ ሰዎች ካሣን አያውቁትም። የመጽሐፍ ሰው አታምጪብኝ፣ ልጄ። እኔ የማምነው ሥጋና ደም ያለውን ነው። እኔ በእጄ አሳድጌ ያየሁትን ማን ይነግረኛል?»

ይህን ሲሉ ማንም ወደ እኔ አልተመለከተም። ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ ባለቤቴ በአማቴ ፊት አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም። በለቅሶው ላይ እንኳ ሌሎች ሙሾ ሲያወርዱ እኔ ሰማሁ። ቤቴ ገብቼ በሬን ስዘጋ የሚጠብቀኝን፣ የኔ የሆነውን ካሣ፣ ለማንም ላለማካፈል ወስኜ ነበር። ነገር ግን ኮቱ በካሊድ ጭን ላይ ነው፤ ልጄ ደግሞ ጥግ ላይ።

«አባባ፣ እኔ ልናገር?» አልኩ።

«ተናገሪ እንጂ፣ ጥሩ።»

«ካሣ ቤት ውስጥ አይስቅም ነበር።»

አማቴ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ያኮርፍሽ ነበር?»

«ኧረ አያኮርፍም። ዝም ይል ነበር። የውሃ ፓምፕ ሲጠግን ውሎ ሲመጣ፣ ያመጣቸውን ብሎኖች ትሪ ላይ ይዘረግፋቸዋል። ከዚያ ትልቁን ከትልቁ፣ ትንሹን ከትንሹ፣ የዛገውን ለብቻው ይለያል። ማንም አላዘዘውም። እኔ የተማሪ ፈተና አርማለሁ፣ እሱ ብሎን ይለያል። አንድ ቃል ሳንነጋገር እናመሻለን። ሰው በር ሲያንኳኳ ግን ተነሥቶ ሳቁን ይለብስ ነበር። እንደዚህ ኮት።»

ኮቱን እያየሁ ቀጠልኩ።

«አንድ ጊዜ ከዋጃ ከሰርግ ስንመለስ፣ ሰውን ሁሉ ሲያስቅ ከዋለ በኋላ፣ ደክሞኛል አለኝ። ምን አደከመህ? አልኩት። ‹ደሳለኝን ተሸክሜ ስዞር ዋልኩ› አለኝ። ከዚያም፣ ‹የትኛው ሳቅ የኔ እንደ ሆነ አላውቅም› አለ። ሌላ ጊዜ አላነሳውም። እኔም አላነሳሁበትም።»

ካሊድ ካውያውን አስቀመጠ። አስፋልቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና አለፈና ኮቱን ከአቧራው በክንዱ ከለለው።

«ለእኔ አልነገረኝም» አሉ አማቴ።

«ስለሚወድዎት ነው፣ አባባ።»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የቀረኝ እሱ ብቻ ስለ ነበር።»

አማቴ እጃቸውን ኮቱ ላይ አኖሩ፤ የጣፍኩት ክርን ላይ። «ልጄን አላውቀውም ነበር ማለት ነው?» አሉ። ለማን እንደ ተናገሩ አልታወቀም።

የመለሰችላቸው ሜሮን ናት። በዚያ ቀን ከተናገረችው ሁሉ ከመጽሐፍ ያልወጣው ይህ ብቻ ይመስለኛል። «ግማሹን ያውቁታል፣ አባዬ። ሳቁም ውሸት አልነበረም፤ ለእርስዎ ብሎ የሰጠው ነው። ዝምታውን ደግሞ ለጥሩዬ ሰጣት። የሚስቀውም ዝም የሚለውም ልጅዎ ነው።»

ያን ጊዜ ነው አማቴ ወደ ጥጉ የዞሩት። ምትኬ የካሊድን ጣሳ ዘርግፋ ቁልፎቹን በተራ በተራ ደርድራቸዋለች። ነጩን ከነጭ፣ ጥቁሩን ከጥቁር፤ በየቀለሙ ውስጥ ደግሞ ትልቁን ከትልቁ። አባቷን አላየችውም። ብሎን ይለይ እንደ ነበር ከዚያ ቀን በፊት የነገራትም የለም። ከደም ይሁን በአጋጣሚ እኔ አላውቅም፤ ሜሮንም በኋላ ስጠይቃት እርግጠኛ መሆን አይቻልም አለችኝ። አማቴ ግን ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ አዩዋት። ከዚያ በርጩማውን ትተው ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በመከራ ነው የተቀመጡት።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

ምትኬ መሬት አላየችም። ቁልፎቹን ታይ ስለ ነበር ይሆናል። «እነዚህ ሁለት ዓይን አላቸው። እነዚህ አራት ዓይን አላቸው።»

አማቴ አንድ ቁልፍ አንሥተው ካንዱ ክምር ጨመሩ። ልጅቱ ሳትናገር አነሣችና ወደ ትክክለኛው ክምር መለሰችው።

«ይሄኛውስ?» አሉ፣ ጠርዙ የተሰበረ አንድ ቀይ ቁልፍ አሳይተዋት።

«እሱ ለብቻው ነው። ከነሱ ጋር አይሄድም።»

«እንግዲያስ ይጣል?»

«ለምን ይጣላል? ለብቻው ይቀመጥ።»

አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀይዋን ቁልፍ ለብቻዋ፣ በጥንቃቄ አስቀመጧት።

ካሊድ ከላይ ሆኖ፣ «አያ ገብሬ፣ መቀሱን ላንሣ ወይስ ልተወው?» አለ።

«ተወው። ኮቱን አጣጥፈህ ለእናቷ ስጣት። አንተ ዩኒፎርሟን ስፋ። ደግሞ ለመስከረም ነው የምንፈልገው፤ ለኅዳር አይደለም።»

«መሬት ነህ ካላችሁኝ ወዲያ ምን ተስፋ አላችሁ?» አለ ካሊድ፤ ሜትሩን ግን ወዲያው አነሣ።

ሜሮን ስለ ምትኬ ስም አንሥታ፣ ከተፈለገ መዝገብ ላይ ሌላ ስም ይግባላት አለች። አማቴ ፈቃደኛ ሆነው ልጅቱን ጠየቋት። «ምትኬን ለምጄዋለሁ» አለች፣ ክንዷን ለካሊድ እንደ ዘረጋች። ስሙ ጸና፤ ከላዩ የወረደው ሸክሙ ነው።

ጥቅምት ላይ ዘመድ ተሰበሰበ፤ ጸሎቱ ደረሰ፤ ድሀው በላ። ምትኬ የራሷን ልብስ ለብሳ ከእኔና ከሜሮን መካከል ተቀመጠች፤ ሰው ሲበዛባት ወደ ጓዳ ገባች፤ ማንም አልጠራትም። ያ የሮቢት ሰው መጥቶ ነበር። «ልጅቱ አሁንም ዝም ናት?» ብሎ ሲጠይቅ አማቴ ሲመልሱለት ሰማሁ። «አመዱን እንዳየህ ሄድክ። እሳቱን አዳፍኖ የሚያሳድረው ማን ሆነና ነው?» አሉት።

ያ ቀን ለቤታችን ያመጣውን ጥቅም እኔ እመሰክራለሁ። ምትኬ ትምህርት ቤት አልቀረችም። አስተማሪዋ ብዙ አትናገርም፣ ስትጠየቅ ግን በሚገባ ትመልሳለች ብላኛለች። አያቷን ፈርታ በር ኋላ ትደበቅ የነበረችው ልጅ፣ አሁን ሚኒባስ ሲቆም ቀድማ የምትወጣ እሷ ናት። አማቴ ስለ ካሣ ያወሩላታል፤ ነገር ግን እንደ ተረት ነው፤ እንደ ትእዛዝ አይደለም። ስለ ደሳለኝም ያወራሉ። ካሣ፣ ደሳለኝና ምትኬ፣ ሦስቱም በየራሳቸው ስም፣ በየራሳቸው ጠባይ ይነሣሉ። ሙታኑም የተከበሩ በዚህ ይመስለኛል፤ በሰው ትከሻ ላይ ከመዞር ዐርፈዋል። በየቤቱ ምትክ ተብለው የሚያድጉ ብዙ ልጆች አሉ። ወላጆቻቸው ይህን ቢያነቡ፣ ልጁን ከመለካታቸው በፊት አንድ ጊዜ ቁጭ ብለው ምን እየሠራ እንደ ሆነ ይዩት።

አማቴ አሁን በየገበያው ቀን እኛ ቤት ጎራ ይላሉ። ምትኬ ካሊድ የመረቀላትን የቁልፍ ጣሳ ታወጣለች፤ እሳቸው ደጃፉ ላይ አጠገቧ ይቀመጣሉ። ጥቂት ይቆዩና፣ «ጥሩ፣ ዛሬስ?» ይሉኛል። የሚጠይቁት ምን እንደ ሆነ አውቃለሁ። ዝም ያለውን ካሣ ነው የሚጠይቁኝ። እኔም ከሸሸግኩት ትንሽ አወጣላቸዋለሁ፤ አንድ ቀን ሻይ እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ፣ ሌላ ቀን ዝናብ ሲመጣ የትኛው መስኮት ሥር ይቆም እንደ ነበር። እሳቸው ሰምተው አይመልሱም። የመጨረሻው የሮቢት ሚኒባስ ጥሩምባውን እስኪነፋ ድረስ፣ አንድ ቃል ሳንነጋገር፣ ሦስታችንም እናመሻለን።